አዲሱ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ዱላው በማን እጅ ቀረ?

አዲስ ኮምፒውተር ገጣጥመው ወይም ከካርቶኑ አውጥተው የማብሪያውን ቁልፍ ሲጫኑ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። እኔ ካየኋቸው ውስጥ ግን የሚበዙት ጤነኛ ዕቃዎች ነበሩ፤ ጥፋቱ እስከ መጨረሻው ያልገባ ገመድ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተሰካ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ ወይም ባለቤቱ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ አለመቻሉ ነበር።

ስለዚህ «ምኑ ተበላሸ?» ብሎ መጀመር አያዋጣም። የሚያዋጣው «የት ላይ ቆመ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የኮምፒውተር አነሳስ የዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ኤሌክትሪኩን ሌሎቹ ዕቃዎች ለሚሰኩበት ለማዘርቦርዱ ያቀብላል፤ ማዘርቦርዱ ትእዛዞችን የሚፈጽመውን ፕሮሰሰር ይቀሰቅሳል፤ ፕሮሰሰሩ ባዮስ የተባለውን የማስነሻ ፕሮግራም ማስኬድ ይጀምራል፤ ባዮሱ ራሙን ያዘጋጃል፣ ምስል ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ግራፊክስ ያስነሳል፣ ከዚያም ዲስኩ ላይ ያለውን ስርዓተ ክወና (ለምሳሌ ዊንዶውስን) ፈልጎ ዱላውን ያስረክበዋል። አንዱ ዱላውን ከጣለ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ቆመው ይቀራሉ። ስክሪኑ ስለጨለመ ስክሪኑን፣ ዊንዶውስ ስላልገባ ዊንዶውስን መጠርጠር ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት

ሽፋኑን ከመክፈትዎ በፊት ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ በዚህ ይወጣል። ወደ ውስጥ እጅዎን ሲያስገቡ መጀመሪያ የሳጥኑን ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ፤ ከልብስዎ ወይም ከምንጣፉ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቢኖር እዚያ ያርፋል። ፓወር ሰፕላዩን ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከጎንዎ ይኑሩ፦ የማዘርቦርዱ መመሪያ መጽሐፍና ማስታወሻ የሚይዙበት ወረቀት። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ያብሩ፣ ውጤቱን ይጻፉ። ራሙንም ገመዱንም ግራፊክስ ካርዱንም በአንድ ላይ ነካክተው ኮምፒውተሩ ቢነሳ እንኳ መፍትሔው የትኛው እንደሆነ አያውቁም፤ በሳምንቱ ሲደገም ከዜሮ ይጀምራሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል።

ደረጃ 1፦ ምልክቱን በትክክል ይለዩ

«አይነሳም» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። አንደኛው፣ ቁልፉን ሲጫኑ መብራትም ድምፅም ጨርሶ የለም። ሁለተኛው፣ ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሦስተኛው፣ ተነስቶ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፣ ወይም እየበራ እየጠፋ ይመላለሳል። አራተኛው፣ የአምራቹ አርማ ወይም አንዳች ጽሑፍ ይታያል፣ ከዚያ ግን አያልፍም። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከለዩ በኋላ በቀጥታ ወደሚመለከትዎ ክፍል ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ጨርሶ የሕይወት ምልክት ከሌለ

እዚህ ላይ ዱላው ገና ከመጀመሪያው ሯጭ እጅ አልወጣም። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ይሞክሩት፤ ማከፋፈያ ከተጠቀሙ ደግሞ እሱን ትተው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ። ቀጥሎ የፓወር ሰፕላዩን የኋላ ማብሪያ ይመልከቱ፤ ቀጥ ያለ መስመር ያለበት ጎን «በርቷል»፣ ክብ ያለበት «ጠፍቷል» ማለት ነው። በአንዳንድ ርካሽና አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ላይ 115 እና 230 የተጻፈበት ቀይ ማብሪያም አለ። 230 ቮልት በሚሰጥ መስመር ላይ ማብሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከመሰካትዎ በፊት ይህንን ያረጋግጡ።

በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ገመዱ እንደተሰካ ኮምፒውተሩ ሳይበራ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች። እሷ ከበራች ኤሌክትሪኩ ማዘርቦርዱ ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ማብሪያው ቁልፍ ይዞራል። ካልበራች 24 እግር (ቀጫጭን የብረት መገናኛ) ያለውን ትልቁን የማዘርቦርድ መሰኪያ ነቅለው እንደገና ይስኩ። ይህ መሰኪያ ጠንካራ ነው፤ ገባ ብለው ካሰቡ በኋላም መያዣው ቀጭ እስኪል ጥቂት ሚሊሜትር ሊቀረው ይችላል።

ከሳጥኑ ፊት ለፊት ካለው ቁልፍ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች የተሳሳተ ቦታ መሰካታቸው በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የማብሪያው ቁልፍ ሽቦ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሰካ ይሠራል፤ ዋናው ነገር መመሪያው ባሳየው ጥንድ እግር ላይ መሆኑ ነው። ለማረጋገጥ ሽቦውን ይንቀሉና ሁለቱን እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ያህል ያነካኩ። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጥፋቱ የቁልፉ ወይም የሽቦው ነው። እዚያ ያለው ቮልቴጅ ትንሽ ስለሆነ አያስፈራም፤ ሌላ እግር እንዳይነኩ ብቻ ይጠንቀቁ።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ለመፈተን ብዙ ሰው የ24 እግሩን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁር ሽቦ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ ያገናኛል። ይሠራል፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። የዛሬዎቹ ገመዶች ብዙ ጊዜ ሁሉም ጥቁር ስለሆኑ ትክክለኛውን እግር መሳት ቀላል ነው። ውጤቱም ያታልላል፤ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ጭነት ከሌለባቸው ማራገቢያቸውን ሆን ብለው አያዞሩም፣ ማራገቢያው የዞረውም ቢሆን ጭነት ሲመጣበት ሊወድቅ ይችላል። የሚሠራ መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ይሻላል። ሲዋሱ ግን ገመዶቹንም አብረው ይዋሱ። የአንዱ አምራች ተነቃይ ገመድ በሌላው ላይ ቢገጥምም ውስጥ ያለው የሽቦ አደራደር ሊለያይ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ዲስኮች ተቃጥለዋል።

ደረጃ 3፦ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው

ይህ በጣም የበዛው ችግር ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ይስጡት። ማራገቢያ መዞሩ የሚያረጋግጠው ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ መነሳቱን አይናገርም።

የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። ዲዲአር 5 የተባለውን የራም ዓይነት የሚጠቀሙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ ከራሙ ጋር የሚግባቡበትን ፍጥነትና ጊዜ አንድ በአንድ እየሞከሩ ያስተካክላሉ። ይህ ልምምድ በራሙ መጠንና በማዘርቦርዱ ዓይነት እየተለያየ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። እኔ የመጀመሪያውን ዲዲአር 5 ኮምፒውተሬን ስገጣጥም በየሠላሳ ሰከንዱ እያጠፋሁ ሦስት ጊዜ ልምምዱን ከመጀመሪያው አስጀምሬዋለሁ። ከዚያ ራሙን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ግራፊክስ ካርዱንም እንዲሁ፤ እንደገና አብርቼ ሲጨልምብኝ ፕሮሰሰሩን ልነቅል ካቻቢቴ ሳነሳ ስልክ ተደወለልኝ። አውርቼ ስመለስ ስክሪኑ በርቶ ይጠብቀኝ ነበር። ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታገሡ፤ ሰዓት ይያዙ፣ ቁልፉን ግን አይንኩ።

ካልበራ ስክሪኑን ይመልከቱ። በርቷል? የተመረጠው መግቢያ ገመዱ የተሰካበት ነው? ገመዱ በኮምፒውተሩ ጀርባ የት ነው የተሰካው? ለብቻው የተገዛ ግራፊክስ ካርድ ካለ ገመዱ መሰካት ያለበት በካርዱ ላይ ነው፤ ከዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አጠገብ ባለው የማዘርቦርዱ መውጫ ላይ አይደለም። የስማቸው ቁጥር በኤፍ ፊደል የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ከእነሱ ጋር የማዘርቦርዱ መውጫ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። ሌላ ገመድም ይሞክሩ፤ በዲስፕሌይ ፖርት ምንም ያላሳየ ኮምፒውተር በኤችዲኤምአይ ሲነሳ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ዱላው በማን እጅ እንደቀረ ማዘርቦርዱ ራሱ ይንገርዎ። በብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ጠርዝ ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፦ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ድራም (ራሙ)፣ ቪጂኤ (ግራፊክሱ) እና ቡት (የሚነሳበት ዲስክ) የሚል ተጽፎባቸዋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በየተራ ይበራሉ፤ ተራውን የጨረሰው ይጠፋል። አንዱ በርቶ ከቀረ የቆመው እሱ ላይ ነው። ውድ በሆኑት ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ሁለት አኃዝ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለ፤ የቁጥሩን ትርጉም መመሪያው መጽሐፍ ይዞታል። በድምፅ የሚናገሩም አሉ፤ ነገር ግን የጢጥታው ብዛት ትርጉሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ድምፁን የምታወጣው ትንሽ ስፒከርም ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ጋር አትመጣም።

የድራም መብራት ከቀረ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሁሉንም ራም ይንቀሉና አንዱን ብቻ ይመልሱ። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ተመራጩ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ነው፤ ሁለት ራም ካለዎት ሁለተኛውና አራተኛው። በሁለቱም ጫፍ እኩል ገፍተው ቀጭ እስኪል ያስገቡት። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች የሚከፈተው መያዣ በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ሌላው ጫፍ ሳይገባ ገባ ሊመስል ይችላል። በአንዱ ራም ካልተነሳ በሌላኛው ይሞክሩ፤ ከዚያም ማስገቢያውን ይቀይሩ። አንዱ ራም በየትም ቦታ እምቢ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ሁለቱም በአንድ ማስገቢያ ላይ ብቻ እምቢ ካሉ ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ወይም ወደ ፕሮሰሰሩ ይሄዳል።

የሲፒዩ መብራት ከቀረ መጀመሪያ የሚታየው በማዘርቦርዱ የላይኛው ጥግ፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 8 እግር የኤሌክትሪክ መሰኪያ ነው። ከትልቁ ባለ 24 እግር የተለየ ነው፣ ሩቅ ጥግ ላይ ስለሆነም ይረሳል። እሱ ባይሰካም ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ለዚህ የሚሆነው ገመድ ለሁለት የሚከፈል 4 እና 4 ነው፤ 6 እና 2 ሆኖ የሚከፈለው የግራፊክስ ካርድ ገመድ ስለሆነ በጉልበት አይግፉት።

ገመዱ ደህና ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ባዮሱ ፕሮሰሰሩን ያውቀዋል ወይ የሚል ነው። መጋዘን ውስጥ የቆየ ማዘርቦርድ ከእሱ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር ቢገጠምበት መሰኪያው ቢስማማም ባዮሱ ላያውቀው ይችላል። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፕሮሰሰሩ ከየትኛው የባዮስ ስሪት ጀምሮ እንደሚደገፍ ተዘርዝሯል። ማዘርቦርዱ ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚያድስበት ቁልፍ ከጀርባው ካለው ፋት 32 በተባለው የፋይል አደራደር በተዘጋጀ ፍላሽ አዲሱን ስሪት መጫን ይቻላል፤ የፋይሉ ስም መመሪያው ባዘዘው መሠረት መሆን አለበት። በእድሳቱ መሃል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ስለሚችል መብራት የሚያስተማምን ሰዓት ይምረጡ።

የመጨረሻው ፕሮሰሰሩን ማንሳት ነው። በአሁኖቹ የኢንቴል ማዘርቦርዶች እና ኤኤም 5 የተባለ መሰኪያ ባላቸው የኤኤምዲ ኩባንያ ማዘርቦርዶች እግሮቹ ያሉት በመሰኪያው ላይ ነው፤ ከእሱ በፊት በነበረው ኤኤም 4 ግን በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ናቸው። በእጅ ስልክ ካሜራ አጉልተው በጎን ብርሃን ይመልከቱ፤ የተጣመመ እግር ከሌሎቹ ሰልፍ ወጥቶ በተለየ ያብረቀርቃል።

የቪጂኤ መብራት ከቀረ ግራፊክስ ካርዱን ነቅለው እንደገና ይስኩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ያረጋግጡ። በአዳዲሶቹ ትልልቅ ካርዶች ላይ ያለው ባለ 16 እግር መሰኪያ በተለይ ክፍተት ሳይታይበት እስከ መጨረሻው መግባት አለበት፤ በግማሽ የገባ ከሆነ ከመጠን በላይ ግሎ ሊቀልጥ ይችላል። ፕሮሰሰርዎ የራሱ ግራፊክስ ካለው ካርዱን አውጥተው በማዘርቦርዱ መውጫ ይሞክሩ።

መብራቶቹ ምንም የማይናገሩ ከሆነ ወይም ባዮስ ውስጥ አንዳች ነገር ከቀየሩ በኋላ የጨለመ ከሆነ ቅንብሩን ወደ መጀመሪያው ይመልሱ። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ሳንቲም የምትመስለውን ሲአር 2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ለአምስት ደቂቃ ያህል ያውጧት፤ ወይም ለዚህ የተዘጋጁትን ሁለት እግሮች መመሪያው እንደሚለው ያገናኙ። ከዚያ በኋላ የራም ልምምዱ እንደ አዲስ ስለሚጀምር እንደገና ይታገሡ።

ደረጃ 4፦ እየተነሳ ከጠፋ

ተነስቶ በሰከንድ ክፍልፋይ ከጠፋ አጭር ግንኙነት (ሾርት) ይጠርጥሩ። ሳጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱን ከፍ አድርገው የሚይዙ የብረት እግሮች አሉ፤ የብሎን ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንዱ ተተክሎ ከቀረ የማዘርቦርዱን ጀርባ ይነካል። የወደቀ ብሎንም እንዲሁ። ማዘርቦርዱን አውጥተው በራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጠው በፕሮሰሰር፣ በማቀዝቀዣ፣ በአንድ ራምና በፓወር ሰፕላይ ብቻ ያስነሱት። ከሳጥኑ ውጪ ከተነሳ ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ጉዳዩ ሙቀት ሊሆን ይችላል። በማቀዝቀዣው ታች ላይ የሚለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ሳይልጡ መግጠም የሚያሳፍር ቢመስልም ብዙ ሰው ላይ ደርሷል፣ እኔንም ጨምሮ። ማቀዝቀዣው በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ የፓምፑ ገመድ መሰካቱን ይዩ። ባዮስ መግባት ከቻሉ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እዚያው ያገኙታል፤ ሥራ ሳይሠራ በሰከንዶች ውስጥ ወደ 90 ዲግሪ ሴልሲየስ የሚወጣ ከሆነ ማቀዝቀዣው ፕሮሰሰሩን በትክክል አልነካውም።

ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለውን የራም ማፍጠኛ ካበሩ በኋላ የመጣ መመላለስ ከሆነ ያጥፉት። በራሙ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩም ሲስማሙበት ብቻ የሚገኝ ነው።

ደረጃ 5፦ ጽሑፍ ይታያል፣ ዊንዶውስ ግን አይገባም

ደስ ይበልዎት፤ ውድ የሆኑት ዕቃዎች ተራቸውን ጨርሰዋል። ራስዎ የገጣጠሙት ከሆነና «የሚነሳበት ዲስክ የለም» የሚል መልእክት ከመጣ ምናልባት ምንም ብልሽት የለም፤ አዲስ ዲስክ ባዶ ነው፣ ስርዓተ ክወና ሊጫንበት ይገባል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ የመጫኛ ፍላሽ ያዘጋጁ፣ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው እየተጫኑ ባዮስ ይግቡ፣ ፍላሹን በመነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ ቀዳሚ ያድርጉ።

ባዮሱ ዲስኩን ጨርሶ ካላየው ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን የኤም.2 ዲስክ አውጥተው በትክክል መግባቱንና ብሎኑ መያዙን ያረጋግጡ። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው፤ በዚያ ቅርጽ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ የተባሉ ሁለት የግንኙነት ዓይነቶች አሉ፣ ሁሉም ማስገቢያ ሁለቱንም አይቀበልም። ባዮሱ አይቶት የዊንዶውስ መጫኛው ካላየው ደግሞ፣ በተለይ በኢንቴል ላፕቶፖች ላይ፣ ቪኤምዲ የተባለው የኢንቴል የዲስክ ማስተዳደሪያ ቅንብር በርቶ ሊሆን ይችላል። የአምራቹን ድራይቨር (ዲስኩን ለመጫኛው የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም) ፍላሽ ላይ ጭኖ በመጫኛው ውስጥ ማስገባት ይፈታዋል። ዊንዶውስ አስቀድሞ የተጫነበት ኮምፒውተር ከሆነ ግን ይህንን ቅንብር አይንኩ፤ ደህና የነበረው ስርዓት ሰማያዊ ስክሪን ይዞ ይቀራል።

ዊንዶውስ 11 አልጫንም ካለ ባዮስ ውስጥ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ክፍሉ) መብራቱን እና አነሳሱ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ ዓይነት) መሆኑን ይዩ። ዊንዶውስ ተጭኖበት የመጣ ኮምፒውተር አርማውን አሳይቶ ከቀረ ደግሞ ሁሉንም ዩኤስቢ ይንቀሉ፤ ኪቦርድና ማውስ ብቻ ይቅሩ። አነሳሱ በተከታታይ ሲከሽፍ ዊንዶውስ ራሱ የጥገና ገጹን ይከፍታል፤ ከዚያ የመነሻ ጥገናውን ይምረጡ። በዚህ መሃል ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፍ ከጠየቀዎት ዲስኩ ተመስጥሯል (በምስጢር ኮድ ተቆልፏል) ማለት ነው፤ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል።

ላፕቶፕ ከሆነ

ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ባትሪያቸው እንዳያልቅ ተቆልፎ ነው፤ ቻርጀር እስኪሰካባቸው ድረስ ቁልፉን ቢጫኑ መልስ የላቸውም። አብሮት በመጣው ቻርጀር ሰክተው ጥቂት ይጠብቁ። የስልክ ቻርጀር በዩኤስቢ ሲ ቢገባም ጉልበቱ ላይበቃ ይችላል፤ ሁሉም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳም ባትሪ አይሞላም። ካልተነሳ ቻርጀሩን ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ይያዙና መልሰው ይሰኩ። መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ከጨለመ በውጭ ስክሪን ይሞክሩ። ዋስትና ያለውን ላፕቶፕ ከዚህ አልፈው አይክፈቱ።

ወደ ሻጩ ሲመልሱ

በአንድ ራም፣ ያለ ግራፊክስ ካርድ፣ ከሳጥኑ ውጪ ሞክረው ያልተነሳ ኮምፒውተር ወደ ሻጩ ቢመለስ አያሳፍርም። ማስታወሻዎን ይዘው ይሂዱ፤ የትኛው መብራት በርቶ እንደቀረ፣ የትኛው ራም በየትኛው ማስገቢያ እንደተሞከረ፣ ስንት ደቂቃ እንደጠበቁ የሚናገር ወረቀት «አልሠራ አለኝ» ከሚል ቃል ይልቅ ፈጥኖ ያስቀይራል። ማዘርቦርዱን ከመላክዎ በፊት የፕሮሰሰሩን መሰኪያ የምትሸፍነውን ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን መልሰው ይግጠሙ፤ ያለ እሷ የመጣን ማዘርቦርድ በዋስትና የማይቀበሉ አምራቾች አሉ።